ያልተፈረመው ፋይል

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦር አዛዥ ቢሆን ደስ የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን እናወጋለን። የዛሬዋ ባለታሪካችን ሥራዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ወረቀት ማንበብ፣ አንብቦም «አልተሟላም» ብሎ መመለስ ነበር። ይህችን ቃል ስትሰሙ ፊታችሁ ሲጨማደድ ይታየኛል። ለካርታ፣ ለንግድ ፈቃድ፣ ለመታወቂያ ስንቱ ደጅ ጠንቷል! «አልተሟላም፣ ሰኞ ተመለስ» ያለውን ሰው በሆዱ ያልረገመ ማን አለ? ይህችንም ሴት የረገሟት ነበሩ። ባለጉዳዮቿ ግን ትልልቅ የመድኃኒት ነጋዴዎች ናቸው፤ ያቆየችባቸውም ጉዳይ አንዲት ትንሽ የእንቅልፍ ክኒን።

ክኒኗ ጋ ቆይተን እንደርሳለን። መጀመሪያ ሽሮፑን ላውጋችሁ፤ ሽሮፑ ካልተነገረ ክኒኗ አትገባም።

ዘመኑ 1937 ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ እንዳትሳሳቱ። እኛ አገር ፋሺስት አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ አርበኛው ዱር ቤቴ ያለበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙም በሽተኛውም የአንድ መድኃኒት ስም ከአፋቸው አይለይም፦ ሰልፋኒላማይድ። ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ አልደረሰም። ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ፣ በወሊድ ትኩሳት የምትቃጠል አራስ፣ ጨብጥ የያዘው ጎልማሳ፣ ሁሉም በዚህ መድኃኒት ይድናሉ። ዕፁብ ድንቅ ነገር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። የሚሸጠው በክኒንና በዱቄት ነው። ሕፃን ደግሞ ክኒን አይውጥም፤ በአሜሪካ ደቡብ ክፍልም ሰዉ መድኃኒቱን በማንኪያ መጠጣት ይፈልጋል። ቴነሲ ውስጥ ብሪስቶል በምትባል ከተማ የነበረው የማሰንጊል ኩባንያ ይህን ገበያ አየ። ዋና ኬሚስቱ ሃሮልድ ዋትኪንስ ዱቄቱን የሚያሟሟ ፈሳሽ ፍለጋ ገባ። ውኃው እንቢ አለ። በመጨረሻ ዳይኢታይሊን ግላይኮል በሚባል፣ ወፈር ባለ፣ ቀለም በሌለው፣ ለምላስ ጣፋጭ በሆነ የፋብሪካ ፈሳሽ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ሟሟለት። የራስቤሪ ፍሬ ጣዕም ጨመረበት። የኩባንያው ቤተ ሙከራ መልኩን አየ፣ ሽታውን አሸተተ፣ ጣዕሙን ቀመሰ፤ ሦስቱም ግሩም ሆነው ተገኙ።

መርዝ ይሁን አይሁን ግን አንዲት አይጥ ላይ እንኳን አልሞከሩትም።

ሕግ ጣሱ እንዳትሉ። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የ1906ቱ የአሜሪካ ሕግ «በመለያው ላይ አትዋሽ» ይላል እንጂ «ሰው እንደማይገድል አስቀድመህ አሳይ» አይልም ነበር። እናም 240 ጋሎን፣ ወደ 900 ሊትር ገደማ፣ ተሠራ። «ኤሊክሲር ሰልፋኒላማይድ» ተባለ። በሴፕቴምበር ወር ወደ መድኃኒት ቤቶች ተበተነ።

ኦክቶበር ላይ ከኦክላሆማ፣ ከቱልሳ ከተማ ክፉ ወሬ መጣ። ለጉሮሮ ሕመም ሽሮፕ የተሰጣቸው ሕፃናት ሽንታቸው ቆመ። ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ይደነዝዛሉ፣ ከዚያ ያንቀጠቅጣቸዋል። ስቃዩ ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ዳይኢታይሊን ግላይኮል ጉበት ሲደርስ ወደ አሲድ ይለወጣል፤ ያ አሲድ ነው ኩላሊትን የሚያወድመው። ያን ጊዜ ሐኪሙ በእጁ ምንም ማርከሻ አልነበረውም። መድኃኒቱን ያዘዘው ራሱ ሐኪሙ፣ ማንኪያውን ወደ ልጇ አፍ ያደረሰችው ራሷ እናት! ከእነዚያ እናቶች አንዷ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደብዳቤ ጽፋለች፤ ሌላ ልጅ እንዲህ እንዳይሞት ሕግ እንዲያወጡ ለመነቻቸው።

ያኔ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ 239 ተቆጣጣሪዎችና ኬሚስቶች ነበሩት፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በዚህ ሥራ ተሰማሩ። ኩባንያው መጀመሪያ ለደንበኞቹ የላከው ቴሌግራም «ዕቃውን መልሱልን» ብቻ የሚል ነበር፤ ሞት የሚባል ነገር አልጠቀሰም። መሥሪያ ቤቱ አስገድዶ «ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል» የሚል ሁለተኛ ቴሌግራም አስላከ። ከዚያ ጠርሙስ ለጠርሙስ ፍለጋ ተጀመረ። የመድኃኒት ቤት መዝገብ ይገለጣል፣ ስም ይወጣል፣ ቤቱ ይፈለጋል። ቴክሳስ ውስጥ አንድ የኩባንያው ሻጭ ለማን እንደሸጠ አልናገርም ብሎ እስር ቤት ቀምሶ ነው አፉን የከፈተው። አንድ ሐኪም ደግሞ የገዛ ሠርጉን አስተላልፎ፣ ከኤፍዲኤ ኬሚስት ጋር አንድ የ3 ዓመት ልጅ ፍለጋ ተራራ ወጥቷል፤ ቤተሰቡ ሽሮፑን እንደያዘ ወደ ተራራማ አገር ተዛውሮ ነበርና። ስለዚያ ሐኪም ሙሽራ የጻፈ አላየሁም። እንደተረዳችው ተስፋ አደርጋለሁ።

ከ240 ጋሎኑ 234 የሚሆነው ተሰበሰበ። ያልተሰበሰበው ስድስቱ ጋሎን ግን 105 ሰው ገደለ፤ 34ቱ ሕፃናት ነበሩ።

የሕጉን ነገር ስሙልኝ። ኩባንያው የተከሰሰው ሰው በመግደል አይደለም። ኤሊክሲር የሚባል መድኃኒት አልኮል ያለበት መሆን ነበረበት፤ ይኼኛው ጠብታ አልኮል የለውም። ስለዚህ ጥፋቱ «የስም አለመመሳሰል» ሆነ። «ሙሙት» ብለውት ቢሆን ኖሮ መንግሥት ጠርሙሶቹን የሚይዝበት ሕግ አልነበረውም። ኩባንያው 26,100 ዶላር ተቀጣ። ባለቤቱ በእኛ በኩል ጥፋት የለም ብሎ ድርቅ አለ። ኬሚስቱ ዋትኪንስ ግን ራሱን አጠፋ።

አሁን ወደ ቺካጎ እንሂድ።

ገዳዩ የትኛው እንደሆነ በእንስሳት ላይ እንዲፈተሽ ነገሩ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ፕሮፌሰር ጋይሊንግ ቀረበ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሰልፋኒላማይዱ ነው ወይስ ማሟሚያው? ወይስ ሁለቱ ሲገናኙ? ጋይሊንግና ተማሪዎቹ እንስሳቱን ለያዩአቸው። አንዱን ወገን ሙሉውን ሽሮፕ፣ ሌላውን ሰልፋኒላማይድ ብቻ፣ ሦስተኛውን ማሟሚያውን ብቻ አጠጧቸው። ሰልፋኒላማይድ ብቻ የወሰዱት ኖሩ። ሽሮፑንና ማሟሚያውን የወሰዱት ኩላሊታቸው ወድሞ ሞቱ። በቃ፣ ገዳዩ ተያዘ። የመርዝ ጥናት የሚባለው ሙያ ዋናው ነገር እንዲህ ነው፤ ማን፣ ምን ያህል፣ በማን ላይ ብሎ እየነጠሉ መጠየቅ። ኮሶ የጠጣ አያት የነበረው ይህን ያውቀዋል፤ መጠኑን የጠበቀ ኮሶ ትል ያወጣል፣ መጠኑን ያለፈ ኮሶ ነፍስ ያወጣል።

አይጦቹን ከሚከታተሉት ተማሪዎች አንዷ የ23 ዓመት ካናዳዊት ነበረች። ስሟ ፍራንሲስ ኦልድሃም። የተወለደችው በቫንኩቨር ደሴት፣ ኮብል ሂል በምትባል መንደር ነው። ወደ ቺካጎ የመጣችበትም መንገድ ያስቃል፣ ያሳዝናልም። ከሞንትሪያል፣ ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ ለጋይሊንግ የሥራ ማመልከቻ ጻፈች። የተቀበላት ደብዳቤ «ውድ አቶ ኦልድሃም» ይላል። ፍራንሲስ የሚለው ስም ሲጠሩት ለወንድም ለሴትም ያው ነው፤ እኛ ዘንድ ደስታ የሚባል ወንድም ሴትም እንዳለው። ልጅቷ ተጨነቀች፤ ሴት መሆኔን ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? የማክጊሉ መምህሯን አማከረች። እሳቸውም አትሞኚ፣ ሥራውን ተቀበዪ፣ ከስምሽ አጠገብ በቅንፍ «ወይዘሪት» ብለሽ ጻፊና ሂጂ አሏት። ሄደች። ጋይሊንግ ሴት መሆኗን ቢያውቅ ይቀጥራት ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ እሷም ዕድሜ ልኳን ስታነሳው ኖረች።

የሽሮፑ ሞት ሕግ ወለደ። በ1938 ሩዝቬልት የፈረሙት አዲስ አዋጅ መድኃኒት ሠሪው ከመሸጡ በፊት መድኃኒቱ ጉዳት እንደሌለው ለመንግሥት ማስረጃ እንዲያቀርብ አስገደደው። በዚያው ዓመት ፍራንሲስ ዶክትሬቷን ያዘች። እንግዲህ ዶክተር ሆነዋልና ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው።

ዶክተሯ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወባ መድኃኒት ጥናት ላይ ሠሩ። እዚያ ከኤሊስ ኬልሲ ጋር፣ ኋላ ባላቸው ከሆኑት ፋርማኮሎጂስት ጋር፣ ኪኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ጥንቸል ውስጥ ምን እንደሚሆን መረመሩ። ያልታሰበ ነገር አዩ። የጥንቸል ጉበት ኪኒንን በፍጥነት ይሰባብረዋል፤ ያረገዘች ጥንቸል ጉበት ግን ይዘገያል፤ የፅንሱ ጉበት ጭራሽ አይችልም። ለእናት ቀላል የሆነ ነገር ለፅንስ ቀላል ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ከዓመታት በኋላ ትፈለጋለች።

በ1950 ደግሞ በሕክምና ተመረቁ። ሁለት ሴት ልጆች አሳደጉ። ሳውዝ ዳኮታ ኖሩ፣ አስተማሩ፣ እረፍት የወጡ የገጠር ሐኪሞችን ተክተው አከሙ። ኦገስት 1960 ላይ፣ በ46 ዓመታቸው፣ ዋሽንግተን ገብተው በኤፍዲኤ ተቀጠሩ። የአዳዲስ መድኃኒቶችን ማመልከቻ በሙሉ ሰዓት የሚያነቡት ሐኪሞች ያኔ ሰባት ብቻ ነበሩ። ለዚያ ሁሉ አገር ሰባት!

ለአዲስ ገቢ ቀላል ሥራ ይሰጣል አይደል? በሴፕቴምበር እጃቸው የገባው ፋይል እንደዚያ ነበር። አመልካቹ በሲንሲናቲ ከተማ የሚገኘው የሜሬል ኩባንያ፣ መድኃኒቱ ኬቫዶን የተባለ የእንቅልፍ ክኒን። ውስጡ ያለው ታሊዶማይድ ነው። ይህ መድኃኒት ጀርመን ውስጥ ግሩነንታል በተባለ ኩባንያ ከ1957 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ እንግሊዝም ገብቷል፤ በደርዘን በሚቆጠሩ አገሮች ሰዉ እየዋጠው ይተኛል። ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ይወስዱታል። ምንም ያህል ቢሰጣት አይጥ አይገድልም ይባልለታል። እንዲህ ዓይነቱን ፋይል አንድ ሳምንት አንብቦ ቢፈርሙበት ማን ምን ይላል?

ሕጉ ደግሞ ሰዓት አስሮባቸዋል። መንግሥት በ60 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ፈቃዱ እንደተሰጠ ይቆጠራል። እኛ ቢሮ ባለጉዳዩ ይጠብቃል፤ እዚያ ሰዓቱ የሚቆጥረው በሠራተኛዋ ላይ ነው።

ፋይሉን ያነበቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዶክተሯ፣ አሁን በባላቸው ስም ዶክተር ኬልሲ፣ በሕክምናው በኩል፣ ጂሮ ኦያማ በፋርማኮሎጂው፣ ሊ ጋይስማር በኬሚስትሪው። ሦስቱም ያልወደዱት ነገር ነበር። ኦያማን የገረመው አይጦቹ ናቸው። ሰውን የሚያስተኛ ክኒን አይጥን አያስተኛም። ታዲያ አይጥ ያልሞተችው መድኃኒቱ ጉዳት ስለሌለው ነው፣ ወይስ ሰውነቷ እንደ ሰው ስለማይቀበለው? ይህ ካልታወቀ «አይጥ አይገድልም» የሚለው ምስክርነት ምን ዋጋ አለው? ዶክተር ኬልሲ ደግሞ የሐኪሞቹን ወረቀት ሲያዩ ጥናት ሳይሆን ምስጋና ሆኖ አገኙት፤ ሰጠሁት፣ ጥሩ ተኛ፣ ደስ አለው የሚል። ባላቸው ኤሊስም የማመልከቻውን አንድ ክፍል አንብበው ኬሚስትሪ የማያውቅን ሰው ለማስደነቅ የተደረደረ ትርጉም የለሽ ቃላት ነው ብለው ጻፉበት። ባልና ሚስት እራት ላይ ስለ ኬቫዶን ሲነጋገሩ አስቡት።

60ው ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ኖቬምበር 10 ቀን፣ ዶክተሯ ደብዳቤ ጻፉ፦ ማመልከቻው አልተሟላም።

ሰነፍ ቢሮና ጠንቃቃ ቢሮ ከውጭ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው፤ ሁለቱም ያቆያሉ። ልዩነቱ ደብዳቤው ውስጥ ነው። ሰነፉ «ተመለስ» ይላል፤ ምን ይዘህ እንደምትመለስ አይነግርህም። የዶክተር ኬልሲ ደብዳቤ ግን የጎደለውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ሰዎች ምን እንደሆኑ። ኩባንያው ይህን አምጥቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ያልቅ ነበር። በእጁ ስለሌለ አላመጣም።

ኩባንያው ክኒኑን ለገና ገበያ ለማድረስ አስቦ ነበር። ገና ለፈረንጆቹ የእንቅልፍ መድኃኒት በደንብ የሚሸጥበት ወቅት እንደሆነ ዶክተሯ ኋላ እየሳቁ ተናግረዋል። ገናው አለፈ። እኛ አገር እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው የከሸፈባቸው በዚያው ታኅሣሥ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ የስልክ ዘመቻ ተጀምሯል። የኩባንያው ተወካይ ይደውላል፣ ይመጣል፣ ይጽፋል፤ ሲደመር ከ50 ጊዜ በላይ። እሳቸው ጋ አልሆን ሲል ወደ አለቆቻቸው ይሄዳል፤ ሴትዮዋ ግትር ናት፣ ምክንያት አትሰማም ይላል። አዲስ ወረቀት ይገባል፤ ሌላ 60 ቀን ይቆጠራል፤ ሊሞላ ሲል «አሁንም አልተሟላም» የሚል ደብዳቤ ይወጣል። አለቆቻቸው አንድ መልካም ነገር አደረጉ፤ አልገፏቸውም።

ፌብሩዋሪ 1961 ላይ ዶክተሯ የእንግሊዝን የሕክምና መጽሔት ሲያገላብጡ አንድ አጭር ደብዳቤ አዩ። ሌስሊ ፍሎረንስ የተባለ ሐኪም ታሊዶማይድ ለረጅም ጊዜ የወሰዱ አንዳንድ በሽተኞቹ እጅና እግራቸው እንደደነዘዘ፣ እንደሚያቃጥላቸው ይናገርና ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። የኩባንያው ማመልከቻ ስለዚህ ምንም አይልም። ያቺን የጥንቸሏን ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዶክተሯ ያሰቡት እንዲህ ነው፤ ይህ ክኒን የትልቅ ሰው ነርቭ የሚጎዳ ከሆነ፣ ገና ነርቩ እየተሠራ ያለ፣ ጉበቱ መርዝ መስበር የማይችል ፅንስ ቢያገኘውስ? ኩባንያውንም ጠየቁት፦ ነፍሰ ጡር ብትወስደው ፅንሱ እንደማይጎዳ ማስረጃችሁ የት አለ?

ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው መልሱን አያውቅም ነበር። እሳቸውም አያውቁም። ትልቁ ነገራቸው ጥያቄውን ማንሳታቸው ነው።

መልሱ ከጀርመን መጣ። ዊዱኪንድ ሌንትስ የተባለ የሃምቡርግ የሕፃናት ሐኪም እጅና እግር የሌላቸው፣ ወይም መዳፋቸው ከትከሻቸው የበቀለ ሕፃናት ሲበዙበት እናቶቹን እየዞረ ጠየቀ። ብዙዎቹ ጋ የሚገኘው ያ ክኒን ነው። ኖቬምበር 1961 ላይ ይፋ አደረገው፤ በዚያው ወር መድኃኒቱ ከጀርመን ገበያ ወጣ። አውስትራሊያም ዊልያም ማክብራይድ የተባለ ሐኪም ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። ኋላ እንደተደረሰበት፣ ክኒኑ ከፅንሱ 20ኛ ቀን እስከ 36ኛው ቀን ገደማ ባለው ጊዜ ከተወሰደ አንዱ ፍሬ ብቻ በቂ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳን ገና አላወቀችም። ቀኑ እንደ ሆነው ጆሮ ይቀራል፣ ክንድ ይቀራል፣ እግር ይቀራል። እንዲያውም ገበያ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1956 ገና ዕለት፣ የግሩነንታል ሠራተኛ ልጅ ያለ ጆሮ ተወልዳለች። ያኔ ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም።

በ46 አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እንዲህ ተወለዱ ተብሎ ይገመታል። ብዙዎቹ ጨቅላ ሳሉ ሞቱ። አሜሪካ ውስጥ የታወቁት 17 ናቸው። «ሳይፈቀድ እነዚህስ ከየት መጡ?» ማለታችሁ አይቀርም። ሕጉ ቀዳዳ ነበረበት። ኩባንያው ለሙከራ ነው እያለ ወደ 2.5 ሚሊዮን ክኒን ከ1,200 በላይ ለሆኑ ሐኪሞች አድሎ ነበር። ሐኪሙ ለሕመምተኛው ይሰጣል፤ ሕመምተኛዋ ሙከራ ላይ መሆኗን የሚነግራት የለም፣ መዝገብም በቅጡ አይያዝም። ማን እንደወሰደ ፍለጋው እንደገና እንደ 1937ቱ ሽሮፕ ሆነ።

የዚህ ኩባንያ ነገር ካነሳን አይቀር፣ በዚያው ጊዜ ሜር ሃያ ዘጠኝ የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒትም ይሸጥ ነበር፤ ይኼኛው ተፈቅዶለታል። የሰዎችን ዓይን ሞራ አለበሰ፣ ጸጉር አረገፈ። ሲመረመር የእንስሳት ሙከራው ውጤት ተለውጦ እንደቀረበ ታወቀ። ይህን ሲያስቡት የዶክተር ኬልሲ ግትርነት ምን ያህል በቦታው እንደነበር ይገባል።

ኩባንያው ማመልከቻውን በማርች 1962 አነሳ። ሕዝቡ ነገሩን የሰማው ጁላይ ላይ ዋሽንግተን ፖስት ሲያወጣው ነው። ኦገስት 7 ቀን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚሰጠውን ትልቁን ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው። እሳቸው የኦያማና የጋይስማርም ነው ይሉ ነበር። በኦክቶበር አዲስ ሕግ ወጣ፤ መድኃኒት ጉዳት እንደሌለው ብቻ ሳይሆን በእርግጥ እንደሚሠራ በጥናት ማሳየት ግዴታ ሆነ፤ የሚሞከርበት ሰውም ይነገረው፣ ፈቃዱንም ይስጥ ተባለ። ያ የ60 ቀን ሰዓትም በሠራተኛው ላይ መቁጠሩን አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዝምታ ፈቃድ መሆኑ ቀረ።

ታሊዶማይድ ራሱ የት ገባ ትሉኛላችሁ። በ1998 ኤፍዲኤ ፈቀደው! የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ለሚያሠቃይ የቆዳ ብግነት፣ ነፍሰ ጡር እንዳይነካው በብርቱ ቁጥጥር። ኋላም ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ዋለ። ዶክተር ኬልሲ ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበሩ። ጡረታ የወጡት በ2005፣ በ90 ዓመታቸው ነው። በ2015 የካናዳ መንግሥት ታላቅ ኒሻኑን ሊሰጣቸው ወሰነ፤ አቅም ስላልነበራቸው ቤታቸው ድረስ አምጥተው አጠለቁላቸው። በማግስቱ በ101 ዓመታቸው አረፉ። ቀኑ ኦገስት 7 ነበር።

ያ ጣፋጭ ማሟሚያ ግን አላረፈም። ርካሽ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈቀደውን ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል ይመስላል፤ ነጋዴው አንዱን በሌላው ሲተካ ዓይንም ምላስም አይለየውም። ናይጄሪያ፣ ሃይቲ፣ ፓናማ ውስጥ በየዘመኑ ገድሏል። በ2022 ጋምቢያ ውስጥ 70 የሚሆኑ ሕፃናት ሽንታቸው እየቆመ በኩላሊት ሞቱ። በኦክቶበር የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ሕንድ የተመረቱ አራት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ሲመረመሩ ዳይኢታይሊን ግላይኮልና ወንድሙ ኢታይሊን ግላይኮል ተገኘባቸው። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ እንዲሁ ከ200 በላይ ሕፃናት አለቁ። ይህን መርዝ በሽሮፕ ውስጥ ለይቶ ማወቅ የ1937 ኬሚስቶችም የቻሉት ሥራ ነው። ጋምቢያ ግን በዚያ ጊዜ መድኃኒት የምትመረምርበት ቤተ ሙከራ አልነበራትም፤ የሽሮፖቹ ናሙና ለምርመራ የተላከው ወደ ውጭ አገር ነው።